ቤዝ መቺው በሉማሜ ዳስ

እንዳላማው ሰው ሲንቅ ዓይነት አይመርጥም ነበር። ዘፋኙን ይንቃል፣ ጊታር መቺውን ይንቃል፣ የሚጨፍረውን ይንቃል፣ ተቀምጦ የሚያየውን ደግሞ አብልጦ ይንቃል። አዲስ አበባ በአንድ የምሽት ክበብ ሁለት ዓመት ቤዝ ጊታር መትቶ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ጆሮው በሰም የተደፈነ መሰለው። እውነቱን ለመናገር በሙያው አይታማም፤ ጣቱ የረጋ፣ ምት የማይስት ሰው ነበር። ግን አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል እንዲሉ፣ ከአንድ ቤዝና ከአንድ አምፕሊፋየር በቀር ሌላ ንብረት የሌለው ሰው የማርቆስን ሕዝብ ቁልቁል ሲያይ ማየት ያስቃልም ያናድዳልም።

የሚሠራው ከአንድ ሆቴል ባንድ ጋር ነበር። ባንዱን የሚመራው ያለው የሚባል ዘፋኝ ነው፤ ፀጉሩን አበጥሮና ቅባት ቀብቶ ማይክራፎኑን እንደ ሙሽራ እጅ የሚይዝ ሰው። እንዳላማው ለያለው ያልለገሰው ምክር የለም። አምፕሊፋየርህን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለህ ጆሮህ ሥር አታስጩኸው፣ መሬት አውርደው ይለዋል። አዳራሹ ባዶ ሳለ የሞከርከውን ድምፅ አትመን፣ ሰው ሲገባ ጋቢውና ቡሉኮው ይጠጣዋል ይለዋል። ወፍራም ድምፅ እግርህ ሥር ሆኖ አይሰማም፣ ራቅ ብሎ ነው የሚያድግ፤ እዚያው ቆመህ አልሰማሁትም እያልክ ማዞሪያውን አታዙር፣ ረጅም ሽቦ ገዝተህ እስከ በሩ ድረስ ሂድና ከሚበላው ሰው መሀል ቆመህ አዳምጥ ይለዋል። ያለው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የራሱን ማዞሪያ እስከ ጥጉ ያዞረዋል። ማይክራፎኑ ሲያፏጭበት ደግሞ በጥፊ ይመታዋል፣ ፉጨቱ የሚመጣው ከማይክራፎኑ ክፋት ይመስል።

እንዳላማው ራሱ ግን በምክሩ የሚኖር ሰው ነበር፤ ይህን አንነፍገውም። የቤዝ ክር ማርቆስ አይገኝም፣ አዲስ አበባም ቢሆን እንደ መድኃኒት ተፈልጎ ነው። ስለዚህ ክሩ በላብና በእድፍ ሲደክምበት ፈትቶ በድስት ይቀቅለዋል። እድፉ ሲለቅ ድምፁ ይመለሳል። አከራዩ ወይዘሮ ጥላነሽ ድስታቸውን እንዲህ ላለ ነገር ማዋሉን ያወቁ ዕለት ለጎረቤት ሁሉ፣ ተከራዬ ሽቦ ይቀቅላል፣ ሰው ፊት አይበላም ሲባል ገርሞኝ ነበር፣ ለካ ቀለቡ ይኸ ኖሯል እያሉ አወሩ።

ሰው ፊት አይበላም የተባለው እውነት ነበር። ሠርግ ቤት የሚጫወት ሰው አስቀድሞ መብላቱ ልማድ ነው፤ እንዳላማው ግን ቅቤ የነካ ጣት ክር ይገድላል ብሎ እህል አይቀምስም። ባለሠርጎቹ ይቀየማሉ። ሴቶቹ ጉርሻ ጠቅልለው ይመጡበታል፣ እሱ አፉን ገጥሞ እንደ ግንድ ይቆማል። ጉርሻ በሰው እጅ እንደሚገባ፣ የእሱን ጣት እንደማይነካ ማን ይንገረው? ቢነግሩትም አይሰማም።

ከሰው ሁሉ የሚግባባው ከጀማለዲን ጋር ብቻ ነበር። ጀማለዲን ማርቆስ ገበያ ወፍጮ ያለው ነጋዴ ነው፤ መብራት በሌለበት አገር ሠርግ ሲኖር ጄኔሬተሩን በጭነት መኪናው ጭኖ ባንዱን ይዞ ይሄዳል። ሠርግ ቤት የክርስቲያን እርድ አይበላምና ስንቁን ከቤቱ ይይዛል። ሁሉም ሲበላ የማይበሉት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ፣ አንዱ በሃይማኖቱ ሌላው በክሩ ምክንያት ጄኔሬተሩ አጠገብ ተቀምጠው ሲያወሩ ተዋደዱ።

ይህን ኩሩ አንገቱን ያስደፋችው የኔዓለም ነች። የኔዓለም ሕፃናት የምታስተምር፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ ናት። እንዳላማው ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፤ ምኑን እንደወደደችለት እሷ ታውቃለች። ሽማግሌ ላከ። መሪጌታ ሽማግሌዎቹን አክብረው ተቀበሉ፣ ጠላ አስቀዱላቸው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡና ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም ብለው ሸኟቸው።

እንዳላማው መልሱን ሲሰማ በገነ። የበገነው ግን ልጅቱን በመከልከሉ ሳይሆን ከአዝማሪ በመቆጠሩ ነበር። አዝማሪን ከሚንቃቸው ሁሉ አስበልጦ ይንቃል። ጠያቂ ራሱ የልጅቱ አባት ደጃፍ መሄዱ ነውር መሆኑን እያወቀ ሄደ፤ መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥራቸው በር ላይ ጠብቆ እጅ ነሣ።

«መሪጌታ፣ አዝማሪ ማለት ፊት ወጥቶ፣ ሰው አወድሶ፣ ተሸልሞ የሚያድር ነው» አላቸው። «እኔ አልዘፍንም። ማንንም አላወድስም። የምቆመው ከኋላ ነው፤ መኖር አለመኖሬን የሚያውቅ ሰው የለም።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ አዩት። አለባበሱን አዩ፣ ጫማውን አዩ።

«በጥር የቀኛዝማች አድማሴ ልጅ ሠርግ ላይ ሉማሜ ልትጫወቱ ነው አሉ» አሉት። «እኔም ተጠርቻለሁ። ሌላ ጊዜ ዘፈን ሲጀመር ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ ያን ቀን ግን ተቀምጬ አይሃለሁ። እንዳልከው ሆነህ ከዋልክ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው።»

የኔዓለም ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። አባቷ ቃላቸውን እንደማያጥፉ ነገረችው። አንድ ቀን ብቻ ሳትታይ ዋልልኝ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክህን እኔ አይሃለሁ አለችው። እንዳላማው ሳቀ። ይኸ ምን ችግር አለው፣ በዚህ አገር ማን አይቶኝ ያውቃል ብሎ መለሰላት።

ሠርጉ ደረሰ። የቀኛዝማች አድማሴ ግቢ ከሉማሜ አውቶቡስ መቆሚያ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ዳሱ በድንጋይ ከተሠራው ቤታቸው ጎን ተለጥፎ በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ ሸራ ለብሷል። መሬቱ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል። ጀማለዲን ጄኔሬተሩን ጩኸቱም ጭሱም እንዳያስቸግር ከቤቱ ጀርባ አቆመና ሽቦውን ዘረጋ።

እንዳላማው ዳስ የሚባል ነገር አብጠርጥሮ ያውቃል። ሸራ ቀጭኑን ድምፅ ሲያስተጋባ ወፍራሙን ወደ ሜዳ ይለቀዋል፤ ጉዝጓዙ ደግሞ የተረፈውን ይውጠዋል። ሌላ ቀን ቢሆን መጀመሪያ የሚፈልገው የድንጋይ ግድግዳ ነበር። ያን ቀን ግን ለያለው ሲለፍፍ የኖረውን ምክር ሁሉ ገለበጠው። አምፕሊፋየሩን ከግድግዳው አርቆ የጭድ ክምር ላይ አስቀመጠ፣ አፉን ወደ ሸራው አዞረ፣ ማዞሪያውን ዝቅ አደረገ። እንዲህ ተደርጎ የተቀመጠ ቤዝ ከመቺው ጣት አልፎ የትም አይደርስም።

መሪጌታ በበቅሎ መጡ። ከካህናቱ ጋር ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀመጡ፣ ባረኩ፣ በሉ። ዘፈኑ ሲጀመር ካህናቱ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ሲወጡ እሳቸው ቀሩ። ሰዉ ተያየ። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ዓይናቸውን ከኋላ በቆመው ሰው ላይ ተከሉ።

ያለው ዘፈነ። ቀኛዝማችን አወደሰ፣ የቀኛዝማችን አባት አወደሰ፣ በቅሏቸውን ሳይቀር አወደሰ። እንግዶቹ እየተነሡ የጃንሆይ ምስል ያለባትን ብር በምራቅ እያራሱ ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ያለው አጠር ያለ ሰው ሲመጣበት እንዲመቸው ጎንበስ ይላል፤ ብሩ ሲወድቅ ደግሞ በአንድ እጁ ቀልቦ ኪሱ ይከታል፣ አንድ ቃል ሳይዘል። እንዳላማው ይህን እያየ ከንፈሩን ገለበጠ። ሰው ሆኖ ለዚህ ግንባሩን የሚያዘነብል ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ብሎ አሰበ። ጣቶቹ ክሩ ላይ ይሄዳሉ፣ ድምፁን ግን እሱ ራሱም እምብዛም አይሰማውም።

ጥቂት ዘፈን እንዳለፈ የመሪጌታ ፊት ሲፈታ አየ። አጠገባቸው ወዳለው ሽማግሌ ዘወር ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፣ ፈገግም አሉ። እንዳላማው ማሸነፉን አወቀ። የኔዓለምን ሊያገኝ ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ በመጀመሪያ ደስም ብሎት ነበር። ቀስ በቀስ ግን መሪጌታ እንዴት እንደሚያዩት ታየው። የዳሱን ምሰሶ እንደሚያዩ ነበር የሚያዩት፤ አይጠቅምም፣ አይጎዳምም፣ ቆሟል።

ጠላ የምታሳልፈው ሴት በጎኑ ስታልፍ፣ አንተ ሥራ የፈታህ፣ ይህን እንስራ ያዝልኝ አለችው። ሁለት እጁ ክሩ ላይ መሆኑን እያየች ነው። አገሬው ይህ ነው፣ ብሎ በልቡ ናቀ። ያን ጊዜ ገና መናቁ ይረዳው ነበር።

ዕረፍት ሲሆን ቀኛዝማች አድማሴ፣ የሙሽራው አባት፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ባንዱ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ የጠየቁትም በክፋት አልነበረም፣ ቤዝ ሲፈጠርም አራት ክር ብቻ መሆኑን አያውቁም። የዚያ ከኋላ የቆመው ሰው ጊታር ሁለት ክር ጎድሎታል፣ ለምን አልተበጀለትም ብለው ያለውን ጠየቁት። ያለው ማይክራፎኑን አልዘጋውም ነበር፤ ወይም አውቆ ተወው።

«እሱ ዕቃችንን የሚጠብቅልን ነው፣ ቀኛዝማች» አለ። «ባዶ እጁን ቆሞ እንዳይሰለቸው ያቺን አስይዘነው ነው።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እንዳላማው የእንግዶቹን ሳቅ ከቁብ አልቆጠረውም፣ የያለውንም ቀልድ ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ዓይኑ የሄደው ወደ መሪጌታ ነበር። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ በጾምም በፍስክም የማይስቁት ሰው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቁ ነበር። ይህ አንጀቱን አቃጠለው። አጥራቸው በር ላይ መኖር አለመኖሬን የሚያውቅ የለም ብሎ በገዛ አፉ የማለላቸው እሱ ራሱ ነው፤ ሰው እንዳመነው ሲያይ ግን አልቻለም።

ሰዉ ጠላ ሲቀዳለት እንዳላማው አምፕሊፋየሩን ከጭዱ ላይ ብቻውን አወረደ። የቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር የሚገጥምበት ጥግ ነበር፤ እዚያ ወሰደው። ቄጤማውን በእግሩ ገፎ ባዶ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጠ፣ አፉን ወደ ሰዉ አዞረ። ማዞሪያውን እስከ መሀል አደረሰው። እስከ ጥጉ አላዞረውም፤ እስከ ጥጉ የሚያዞሩትን ይንቃል። ከዚያ ረጅሙን ሽቦውን እየጎተተ እስከ ዳሱ መሀል ሄደና ወፍራሙን ክር አንዴ መታው። ድምፁ ከመሬት ተነሥቶ በጫማው በኩል ገባ።

የኔዓለም ትዝ አለችው። ትዝ አላለችውም ቢባል ይቀለው ነበር፣ ግን ትዝ አለችው። መሰማት መታየት አይደለም፣ የምቆመው እንደሆነ ያው ከኋላ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ሲነሣ ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

ወደ ጥጉ ተመልሶ ቆመ፣ ዘፈኑም ተጀመረ። ያለው ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ ወደ ኋላ ዞሮ አየ፤ ከእንዳላማው ጋር ሲሠራ ዞሮ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። የጨፋሪዎቹ ትከሻ በየፊናው ሲወረወር የቆየው አንድ ላይ መውደቅ ጀመረ። ከበሮ የያዘችው ሴት ምቱ ያለበትን አገኘችና ዓይኗን ጨፈነች። ተቀምጠው የሚያወሩት ወሬያቸውን አቆሙ። ሸራው ይርገበገባል። ጠላ አሳላፊዋ እንስራዋን አስቀምጣ ትከሻዋን ሰበቀች።

ቀኛዝማች አድማሴም ተነሡ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጨፍረው አያውቁም ነበርና ቤተ ዘመዱ በእልልታ ተቀበላቸው። ከዘራቸውን ለሰው ሰጥተው፣ ትከሻቸውን ቀስ አድርገው እየሰበቁ ወደ ባንዱ መጡ። ያለው ግንባሩን አዘንብሎ ጠበቃቸው። ቀኛዝማች አለፉት። እስከ ጥጉ ድረስ መጡና፣ ብሯን በምላሳቸው አርሰው እንዳላማው ግንባር ላይ ለጠፉ።

ዘፋኝ አንድ እጁ ነፃ ነው፤ ብሩን ያነሣዋል። ቤዝ የሚመታ ሰው ግን አንዱን እጁን ከለቀቀ ዘፈኑ መሬቱ ይከዳዋል። ቢሆንም እጅ አያስፈልግም ነበር። ራሱን አንዴ ነቅነቅ ቢያደርግ ብሯ ትወድቃለች። መሪጌታ ቆመው ያዩት ነበር፣ እሱም ቆመው እንደሚያዩት አይቷል። አልነቀነቀም። እንዲያውም እንዳትወድቅበት አንገቱን ቀጥ አደረገ።

ከቀኛዝማች በኋላ ሌላው ተከተለ፣ ከሌላውም በኋላ ሌላ። አንዱ ብር ሲወድቅ ሌላው ይለጠፋል። የላቡ ጨው ዓይኑን እያቃጠለው፣ ምቱን አንዴም ሳይስት፣ እንዳላማው በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። አንድ አጠር ያለ ሰው ብር ይዞ ሲመጣበት ጎንበስ አለለት።

ዘፈኑ ሲያልቅ የመሪጌታ መቀመጫ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ነው የባነነው። ቤዙን አስቀምጦ ሮጠ። መሪጌታ የግቢው በር ላይ በቅሎዋ እስክትጫን ቆመው ደረሰባቸው። ቀኛዝማች ለጠፉብኝ እንጂ እኔ አልጠየቅሁም፣ እጄ ተይዞ ነበር እያለ ቀባጠረ።

መሪጌታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ብር በማንም ግንባር ይለጠፋል፣ እሱን ተወው» አሉት። «እኔ ያየሁት ፊትህን ነው። እንደዚያ የሚያበራ ፊት ያለው ሰው እቤቱ ተቀምጦ አያድርም።» ወደ በቅሎዋ ዞሩና እግራቸውን እርካብ ላይ እንዳደረጉ መለስ አሉ። «እኔም ከበሮ ስመታ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ታች የሚሄደውን ድምፅ የሚይዝ ሰው ሳገኝ አውቀዋለሁ፤ ደህና አድርገህ ይዘኸዋል። ለልጄ ግን የሌላ ሰው ሽማግሌ ይመጣል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃውን ጫኑ። ያለው አኩርፎ ከኋላ ከጄኔሬተሩ ጋር ተቀመጠ፣ እንዳላማው ጋቢና ውስጥ ከጀማለዲን ጎን ገባ። መኪናው ሉማሜን ለቆ ዋናውን መንገድ ሳይዝ ማውራት ጀመረ። መሪጌታ ያሉትን ነገረው። ታች የሚሄደውን ድምፅ ደህና አድርገህ ይዘኸዋል እንዳሉት ነገረው፤ ከኋላ የተቀመጠው ያለው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ዕድሜ ልካቸውን ማኅሌት የቆሙ ሰው ናቸው፣ በዚህ አገር ጆሮ ያለው ሰው መኖሩን ዛሬ ገና አወቅሁ አለ። አምፕሊፋየሩን የት ጥግ እንዳስቀመጠው፣ ማዞሪያውን የት ላይ እንዳቆመው፣ ድንጋዩ ምን እንዳደረገለት ዘረዘረ። ሰው አወድሶ አያውቅም ነበርና መሪጌታን ሲያወድስ አፉ ገና ይለማመድ ነበር።

ጀማለዲን መሪውን ይዞ ሰማው። መንገዱ ላይ አንድ ጉድጓድ ካለፉ በኋላ ማርሽ ቀየረና ዞሮ አየው።

«ስለ ልጅቱስ ምን አሉህ?» አለው።

እንዳላማው ሊመልስ አፉን ከፈተ። መሪጌታ ደህና አድርገህ ይዘኸዋል ካሉት በኋላ ስለ ልጃቸው አንድ ነገር ጨምረው ተናግረው ነበር። አሁን ገና ሰማው።